አቮካዶ ከብርጭቆ ወደ ገበታ

ለሕዝብ የቀረበ የሥነ ምግብ ትምህርት ንግግር



እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሦስት አቮካዶ አስቀምጫለሁ። ሦስቱንም የገዛሁት ከአንዲት ሻጭ ነው፤ ቀኑ ግን ይለያያል። የመጀመሪያው ገና ድንጋይ ነው፤ ጠረጴዛውን ሳንኳኳበት ከኋላ የተቀመጣችሁትም ትሰሙታላችሁ። ሁለተኛውን በመዳፌ ጨበጥ ሳደርገው ትንሽ እሺ ይለኛል። ሦስተኛው ከውጭ ሲያዩት ከሁለተኛው ብዙም አይለይም፤ ሲቆረጥ ግን ይኸው፣ ውስጡን ጥቁር ክር ወሮታል፣ አንድ ጎኑም ተበላሽቷል። በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት የጥቂት ቀናት ጉዳይ ነው። እነዚያን ቀናት ስለማወቅ ኋላ እናወራለን። መካከለኛውን ደግሞ ከመለያየታችን በፊት ሠርተን እንቀምሰዋለን።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አቮካዶ ተገዝቶ ቤታችሁ ሲገባ ምን ይሆናል? ይህን በሄድኩበት ሁሉ እጠይቃለሁ። አብዛኛው ሰው ሳያመነታ «ጁስ» ይለኛል። የጁስ ቤቱን ብርጭቆ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አረንጓዴው አቮካዶ፣ ብርቱካናማው ማንጎ፣ ቀላ ያለው ፓፓያ ተደራርበው፣ ቪምቶ ጠብ ብሎበት፣ ግማሽ ሎሚ ከጎኑ ተቀምጦ፣ በረጅም ማንኪያ የሚበላ መጠጥ። ስፕሪስ የከተሞቻችን ውበት ነው፤ እኔም ከወዳጅ ጋር ስገናኝ ደስ ብሎኝ እጠጣዋለሁ። ነገር ግን አቮካዶን በብርጭቆ ብቻ የሚያውቅ ሰው፣ ቅቤን በቡና ላይ ብቻ ቀምሶ «ቅቤን አውቃለሁ» እንደሚል ሰው ነው። ወጡን አላየም፤ ክትፎውን አላየም፤ ገንፎውን አላየም።

ዛሬ ላስረዳችሁ የመጣሁት ይህንን ነው። አቮካዶ በዛፍ ላይ ቢያፈራም፣ በማዕድ ቤት ሥራው ከማንጎና ከፓፓያ ይልቅ ለዘይትና ለቅቤ ይቀርባል። ተፈጥሮው ጨውን፣ ሎሚንና ቃሪያን ይፈልጋል። ቦታው ገበታ ላይ፣ ከእንጀራውና ከዳቦው ጎን ነው።

ይህ የእኔ የምላስ ምርጫ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ውስጡን እንመልከት። 100 ግራም የማንጎ ሥጋ 14 ግራም ያህል ስኳር አለው። በዚያው ልክ የተመዘነ አቮካዶ ግን ስኳሩ 1 ግራም እንኳ አይሞላም። በምትኩ 15 ግራም ያህል ቅባት አለው፤ ይህም አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ማለት ነው። ከዚህ ቅባት 10 ግራም የሚጠጋው በወይራ ዘይት ውስጥ ያለው፣ ለልብና ለደም ሥር የሚስማማው ዓይነት ነው። የሚረጋው የቅባት ዓይነት 2 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ገበያችንን ሞልቶት የኖረው ፓልም ዘይት ግን ግማሹ ያህል የሚረጋ ቅባት ነው፤ በብርድ ጠዋት በጀሪካኑ ውስጥ ሲረጋ ሁላችሁም አይታችሁታል።

ዘይት የሌለው፣ አቮካዶ ግን ያለው ሌላም ነገር አለ። ዘይት ተጨምቆ የወጣ ቅባት ብቻ ነው። በአቮካዶ ውስጥ ቅባቱ ከነጓዙ ነው የሚመጣው። በ100 ግራም ውስጥ 7 ግራም የሚጠጋ አሰር፣ ማለትም ፋይበር አለ፤ ይህ ሆድን የሚያለሰልስ፣ ጥጋብንም የሚያቆይ ነው። 485 ሚሊ ግራም ፖታሲየም አለ፤ በሙዝ ውስጥ ካለው 358 ይበልጣል። ፎሌት አለ፤ ይህም እርጉዝ ሴት እጅግ የሚያስፈልጋት ቫይታሚን ነው። ከክብደቱ ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጋው ደግሞ ውኃ ነው። ስለዚህ 100 ግራሙ የሚሰጠው ጉልበት 160 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሲሆን፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ይሰጣል። አቮካዶው ይዞ የሚመጣውን ሁሉ ስታስቡት፣ ልውውጡ የሚያዋጣው ለማን እንደሆነ ታያላችሁ።

ልውውጥ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በምትክነት ነው የምመክረው፤ ጭማሪ ሆኖ እንዲመጣ አልፈልግም። አሜሪካ ውስጥ 1 ሺሕ ገደማ ወፈር ያሉ ሰዎችን ለስድስት ወር የተከታተለ ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሞ ነበር። ግማሾቹ በየቀኑ አንድ አቮካዶ እንዲበሉ ተደረገ፤ ከዚያ በቀር ስለ ሌላው ምግባቸው ምክር አልተሰጣቸውም። በመጨረሻ ሲለካ የሆዳቸው ስብ ካልበሉት ሰዎች አልቀነሰም። ክብደታቸው አልጨመረም፤ ጎጂ የሚባለው ኮሌስትሮል በጥቂቱ ወረደ፤ ከዚህ የዘለለ ተአምር ግን አልታየም። ስለዚህ «አቮካዶ ቦርጭ ያጠፋል» የሚላችሁ ካለ አትስሙት። በልማዳችን ላይ አቮካዶ ብንደርብ ብዙ አናተርፍም። በወጡ ላይ የምናንቆረቁረውን ዘይት፣ ዳቦው ላይ የምንቀባውን ማርጋሪን፣ ሰላጣው ላይ የምንጨምረውን ማዮኔዝ ሲተካልን ነው ለውጡ የሚመጣው።

ታዲያ ይህን የመሰለ ፍሬ እንዴት በእኛ ዘንድ መጠጥ ብቻ ሆኖ ቀረ? መልሱ ከታሪኩ ይገኛል ብዬ አምናለሁ።

የአቮካዶ አገሩ ሜክሲኮና ጓቲማላ አካባቢ ነው። በዚያ ከሺሕ ዓመታት ጀምሮ ሲበላ ኖሯል። ናዋትል በሚባለው በጥንቱ የሜክሲኮ ሕዝብ ቋንቋ ስሙ አዋካትል ነበር። ሞሊ ማለት ደግሞ ማባያ ነው፤ ሁለቱ ተጣምረው ዛሬ ዓለም ሁሉ ጓካሞሌ የሚለውን ሰጡ። ከድንጋይ በተጠረበ ሙቀጫ ውስጥ አቮካዶው ከቃሪያና ከጨው ጋር ይደቆሳል፤ በበቆሎ ቂጣም ይበላል። ማባያና ቂጣ! በወጥና በእንጀራ ላደግን ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። ፍሬው ባሕር ተሻግሮ ሲሄድም ያዩትን ሁሉ ቅቤን አስታወሳቸው። የእንግሊዝ መርከበኞች ደረቅ ብስኩታቸው ላይ እየቀቡ የመርከበኛ ቅቤ አሉት። በቬትናም ቋንቋ እስከ ዛሬ አቮካዶና ቅቤ የሚጠሩት በአንድ ቃል ነው። ይህችን ስሰማ በጣም ነበር ደስ ያለኝ፤ እንዲህ ተራርቀው የሚኖሩ ሰዎች ቀምሰው የደረሱበት ስም አንድ መሆኑ።

ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1938 መሆኑን የግብርና ጽሑፎች ይናገራሉ። ያመጡትም የግል አትክልተኞች ሲሆኑ፣ የተተከለውም በሐረርጌ ሂርና እና በወንዶ ገነት ነው። ከዚያ ፍሬው ከጓሮ ወደ ጓሮ፣ በዘመድና በጎረቤት እጅ ተጓዘ። በሲዳማ፣ በጌዴኦ፣ በወላይታ፣ በከምባታ፣ በጅማ፣ በቤንች ከእንሰቱና ከቡናው ጋር ተላመደ። እኔ ባደግሁበት ጓሮ ትልቁ ዛፍ የቡናው ጥላ ነበር። ነፋስ ያወረደውን አንስተን፣ ሳር ውስጥ ደብቀን፣ ሲለሰልስ በወረቀት የተቋጠረች ጨው ይዘን ዛፉ ሥር እንቀመጥ ነበር። ቢላ አልነበረንም፤ በአውራ ጣታችን እንፈለቅቀው ነበር። ያ ጨውና አቮካዶ አሁንም አፌ ላይ አለ።

ልብ በሉ፤ ዛፉ መጣ፣ ማዕድ ቤቱ ግን አብሮት አልመጣም። ቃሪያና ጨው ተደቁሶበት በቂጣ የሚበላ መሆኑን የነገረን ሰው አልነበረም። እናቶቻችን የማያውቁት ፍሬ ስለነበር የልጆች መክሰስ ሆነ፤ ብዙው ወድቆ በሰበሰ። ቆይቶ ከተማው ተቀበለውና መጀመሪያ ሥራ የሰጠው ጁስ ቤቱ ሆነ። ጁስ ቤቱን አመሰግነዋለሁ፤ ገበሬውን ገበያ አገናኝቶታል። ግን ጁስ ቤት የሚያውቀው ስኳርን ነው፤ እኛም ከዚያው ለመድን።

የሚገርመኝ፣ ይህን ፍሬ ለመቀበል ከእኛ ማዕድ ቤት የተሻለ የተዘጋጀ ቤት አለመኖሩ ነው። ጾማችንን አስቡት። የኦርቶዶክስ ምእመናን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል አይነኩም። ያን ሁሉ ቀን ምግባችን ደርቆ እንዳይቀር አያቶቻችን ቅባትን ከዘር አወጡ፤ ሱፉን ወቅጠው አጥልለው ፍትፍት ሠሩበት፤ ተልባውን ቆልተው ፈጭተው በጠበጡት፤ ኑጉን፣ ሰሊጡን ተጠቀሙበት። ያለ እንስሳ ቅባት የሚጣፍጥ ገበታ እንዴት እንደሚሠራ ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ አላየሁም። አቮካዶ ያኔ በየቤታቸው ቢኖር ኖሮ ከሱፉና ከተልባው ጎን ቦታ ይሰጡት ነበር። ስለዚህ እኔ አዲስ ነገር ተማሩ አልላችሁም። የምታውቁትን ሙያ በአዲሱ ፍሬ ላይ አውሉት ነው የምለው።

አሁን ወደ ገበያ እንሂድ፤ መልካም ምግብ ከዚያ ነው የሚጀምረው።

አቮካዶ ዛፉ ላይ እያለ አይበስልም። ሊጎመራ ይችላል፣ ለወራትም ተንጠልጥሎ ይቆያል፤ የሚለሰልሰው ግን ከተቀጠፈ በኋላ ነው። ስለዚህ በገበያ ጠጣር ሆኖ ብታገኙት ጥሬ ነው ብላችሁ አትናቁት። ከነካካው ሰው ጣት የተረፈው እሱ ነውና እኔ ሁልጊዜ የምመርጠው ጠጣሩን ነው። ሦስት ልገዛ ከሆነ አንዱን ለስለስ ያለ ለዛሬ፣ ሁለቱን ጠጣር ለሳምንቱ መጨረሻ እወስዳለሁ። ለስላሳውን ስትፈትኑ እባካችሁ በአውራ ጣት አትጫኑት፤ ጣታችሁ ያረፈበት ቦታ ነገ ይጠቁራል፣ የሚገዛውም ሌላ እህታችሁ ናት። በመዳፋችሁ ሙሉውን ጨበጥ አድርጉት። ከዛፉ የተቀጠፈበትን እንብርቱንም እዩ። ደርቆ ግን ጥብቅ ብሎ ከተቀመጠ ጥሩ ነው፤ ዙሪያው ረጥቦ ወይም ሻግቶ ከሆነ ግን ብልሽቱ ወደ ውስጥ መግባት ጀምሯል።

ስለ ቀለሙም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙዎች ይሳሳቱበታል። ከጓሯችን የሚመጣው አብዛኛው አቮካዶ በስሎም አረንጓዴ ነው። አሁን በሜጫ በቆጋ መስኖና በሌሎችም አካባቢዎች በስፋት የሚተከለው ሐስ የሚባለው ዝርያ ግን ልጣጩ ሻካራ ነው፣ ሲበስልም ወደ ጥቁር ይሄዳል። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ከሱቅ የሚገዙትም በአብዛኛው እሱን ነው። ስለዚህ ጥቁር ሐስ አይታችሁ ተበላሸ አትበሉ፤ አረንጓዴውን የአገራችንን ደግሞ እስኪጠቁር አትጠብቁ። ሐስ የሚለው ስም የሰው ስም ነው። ሩዶልፍ ሐስ በካሊፎርኒያ ላ ሃብራ ሃይትስ የሚኖር ፖስተኛ ነበር። በጓሮው ከዘራው ፍሬ የበቀለችው ዛፍ የተለየች ሆና ስላገኛት እ.ኤ.አ. በ1935 የባለቤትነት መብት አወጣባት። የዛሬዎቹ የሐስ ዛፎች በሙሉ ከእሷ ቅርንጫፍ እየተወሰደ የተዳቀሉ ናቸው። እሷ ራሷ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። አንድ ፖስተኛ በጓሮው የተከለው ፍሬ የዓለምን ገበያ ይዞታል፤ የእኛም ጓሮ ገና ያልተመረመረ ብዙ ዓይነት አለው።

ጠጣሩን ቤት ስታስገቡት ማቀዝቀዣ ውስጥ አትጨምሩት። ገና ያልለሰለሰ አቮካዶ ብርድ ሲነካው መብሰሉን ያቋርጣል፤ ኋላም ሲወጣ እንደ ጎማ ይሆናል። ከጥላ ሥር በጠረጴዛ ላይ ተዉት። ብትቸኩሉ በጋዜጣ ጠቅልሉት፣ ከበሰለ ሙዝ ጋር በወረቀት ከረጢት ክተቱት፣ ወይም እናቶቻችን እንደሚያደርጉት በጤፉ ውስጥ ቅበሩት። ይህ ባህል በሳይንስ የተደገፈ ነው። የሚበስል ፍሬ ኢትሊን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ መብሰሉን የሚያፋጥነውም ይኸው ጋዝ ነው። ጤፉ ጋዙን አፍኖ በፍሬው ዙሪያ ያቆየዋል። ከበሰለ በኋላ ግን ማቀዝቀዣ ይስማማዋል፤ ሁለት ሦስት ቀን ያቆይላችኋል።

ያን ሁሉ ጠብቃችሁ ስትቆርጡት ጠቁሮ ብታገኙት፣ ጥፋቱ የእናንተ ላይሆን ይችላል። ዛፉ ረጅም ነው፤ ብዙ ቦታ ፍሬው በዱላ እየተመታ ይወርዳል፣ ከዚያ በማዳበሪያ ታጭቆ መኪና ላይ ይጫናል። የወደቀበት ጎን ያን ዕለት ምንም አይመስልም፤ ሲለሰልስ ግን ቁስሉ ይወጣል። ይህ ሦስተኛው ፍሬ ምስክሬ ነው። ጓሮ ያላችሁ አድማጮቼ፣ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ከረጢት አስራችሁ፣ ከነአጭር ግንዱ ቀጥፉት እንጂ አትጣሉት። ሻጯም ገዢዋም ያመሰግኗችኋል።

ወደ ማዕድ ቤት እንግባ። መጀመሪያ ልታውቁት የሚገባችሁ፣ አቮካዶ እሳት አይወድም። ወጣት ሳለሁ አንድ ቀን ዘይት አልቆብኝ ምስር ወጥ ውስጥ አቮካዶ ከትቼ አብሬ አንተከተክኩት። ወጡ መረረ፤ እንግዶቼም ከሁለት ጉርሻ በላይ አልሄዱም። ምስሩ፣ ሽንኩርቱ፣ ያን ሁሉ ሰዓት የቆምኩበት ድካም አንድ ላይ ሲደፋ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ለረጅም ጊዜ ሲሞቅ ምሬት ያወጣል፤ ይህንን ያን ዕለት ተማርኩ። አሁን ምስሩን ወይም ሽሮውን በጥቂት ዘይት እሠራለሁ፤ ከምድጃ አውርጄ ሳህን ላይ ካቀረብኩት በኋላ አንድ ማንኪያ የተፈጨ አቮካዶ በጨውና በሎሚ አድርጌ መሐሉ ላይ አስቀምጣለሁ። ትኩስ ሽሮ ላይ ለጋ ቅቤ ስትጥሉ የምታዩት ነገር አለ አይደል? እሱን ይመስላል። በእንጀራ እየጠቀሱ ከሽሮው ጋር መጉረስ ነው።

ዋናው ምግቤ ግን የአቮካዶ ፍትፍት ነው። ለአራት ሰው አራት የበሰለ ቲማቲም፣ አንድ ቀይ ሽንኩርት፣ ሁለት ቃሪያ፣ ሁለት ሎሚ፣ አንድ ትልቅ አቮካዶና ሦስት የትናንት እንጀራ ያስፈልጋል። የዛሬ እንጀራ አይሆንም፤ ይላቁጣል። ሽንኩርቱን አድቅቃችሁ ክተፉና በጨውና በአንዱ ሎሚ እሹት፤ ያቃጥል የነበረው ይለዝባል። ቲማቲሙን ጨምሩበትና አሥር ደቂቃ ተዉት። ጨው ውኃውን ያወጣዋል፤ ያ ጭማቂ ነው እንጀራውን የሚያርሰው፤ ውኃ መጨመር አያስፈልግም። ቃሪያው ይግባ። አቮካዶውን ለሁለት ከፍላችሁ ግማሹን በሹካ ደፍጥጡት፣ ግማሹን በትንንሹ ቁረጡት። የተደፈጠጠውን ከቲማቲሙ ጋር ስታዋሕዱት ጭማቂው ወፈር ይላል፤ ዘይቱ የሚሠራውን ሥራ እሱ ሠራ ማለት ነው። እንጀራውን ቆራርሳችሁ ቀስ ብላችሁ አገላብጡ። የተቆረጠው አቮካዶና ሁለተኛው ሎሚ ከላይ በመጨረሻ ይገባሉ። ጠብታ ዘይት የለበትም። ቁንዶ በርበሬ ብትነሰንሱበት ጥሩ ነው፤ የሚያቃጥል የሚወድ ደግሞ ዳጣ ከጎኑ ያድርግ።

ቲማቲምና አቮካዶን አንድ ላይ ያደረግኋቸው ለጣዕም ብቻ አይደለም። የቲማቲሙ ቀይ ቀለምና የካሮቱ ብርቱካናማ ቀለም ለሰውነት የሚጠቅሙት ከቅባት ጋር ሲገቡ ነው፤ ያለ ቅባት ብዙው ሳይያዝ ያልፋል። ኦሃዮ ውስጥ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ይህን በደንብ አሳይቷል። ሰዎቹ የቲማቲም ማባያ ብቻውን ሲበሉና 150 ግራም አቮካዶ ተጨምሮበት ሲበሉ ደማቸው ተመረመረ። አቮካዶ ሲኖርበት የገባው የካሮት ዓይነቱ ቀለም፣ ማለትም ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው፣ ከ2 እጥፍ በላይ ሆነ፤ የቲማቲሙ ቀይ ቀለም ደግሞ ከ4 እጥፍ በላይ ሆነ። ቲማቲሙ ያው ቲማቲም ነው። እንግዲህ ለልጆቻችሁ ካሮትና ጎመን ስታበሉ ከጎኑ ሁለት ቁራጭ አቮካዶ ብታደርጉ፣ የገዛችሁት አትክልት በእርግጥ ወደ ሰውነታቸው እንዲገባ መንገድ ከፈታችሁ።

ሕፃናትን ካነሳሁ፣ ስድስት ወር ሞልቶት ከጡት በተጨማሪ ምግብ ለሚጀምር ልጅ የበሰለ አቮካዶ ምርጥ ነው። የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው፤ የቀጠነ አጥሚት ሞልቶት ጉልበት ሳያገኝ ይተኛል። አንድ ማንኪያ የተደፈጠጠ አቮካዶ ገንፎው ከወረደ በኋላ ቢቀላቀልበት ቅባትና ጉልበት ይሰጠዋል። ጨውም ስኳርም አትጨምሩበት። እንቁላሉንና ጥራጥሬውን ግን አይተካም፤ በአቮካዶ ውስጥ ያለው ብረት ጥቂት ነው።

ለተማሪ ምሳ ዕቃ ዳቦ ላይ ተቀብቶ፣ የተቀቀለ እንቁላል ወይም በጾም ቀን ቲማቲም ተደርጎበት ይሄዳል። ይጠቁራል ብላችሁ ትፈሩ ይሆናል። የሚያጠቁረው አየር ነው፤ ልክ እንደተቆረጠ ድንች። የሎሚ አሲድ ያዘገየዋል፤ ስለዚህ ሎሚውን ስትደፈጥጡት ጀምራችሁ አዋሕዱት። የተረፈውን ግማሽ ደግሞ ፕላስቲኩን ገላው ላይ አጣብቃችሁ ሸፍኑት፤ በላዩ አየር አይቅር። የመሐሉን ፍሬ አለማውጣት ይጠብቀዋል ይባላል፤ የሚጠብቀው ግን የተቀመጠበትን ጉድጓድ ብቻ ነው። ከላይ ቡናማ ቢሆንም አይመርዝም፤ በማንኪያ ገፋችሁ ብሉት።

ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ፤ ይህን ሳልናገር ብወርድ ሕሊናዬ አይፈቅድም። ኩላሊቱ የደከመና ፖታሲየም እንዲቀንስ በሐኪም የተነገረው ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አቮካዶ አያዘውትር። ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰውም ልማዱን በድንገት አይለውጥ፤ ለሐኪሙ ይንገር። የላስቲክ ጓንት የሚያሳክከው ሰው አቮካዶም ሊያሳክከው ይችላል። ከብት፣ ፍየልና ፈረስ ያላችሁ ደግሞ ቅጠሉን አታብሏቸው፤ የቤት ወፍ ካላችሁም ፍሬውን እንኳ አትስጧት፤ ለእኛ የማይጎዳን ንጥረ ነገር ለእነሱ መርዝ ነው። መጠኑንም አስቡ። የጓሯችን አቮካዶ ትልቅ ነው፤ ለአንድ ሰው ለአንድ ማዕድ ሩቡ ወይም ሲሦው ይበቃል።

ጁሱንስ እንተወው ወይ? አልልም። ቤት ስትሠሩት ግን ስኳሩን ተዉት። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢበዛ ቢሆን ይመረጣል የሚለው 25 ግራም ገደማ ነው፤ ስድስት ማንኪያ መሆኑ ነው። በአንድ ብርጭቆ ውስጥ አራት ማንኪያ ሲገባ አይቻለሁ፤ ቪምቶው ሳይቆጠር። ጣፋጭ ከፈለጋችሁ የበሰለ ማንጎ ወይም ሙዝ ጨምሩበት፤ ሎሚም አትንፈጉት።

በሉ፤ ንግግሩን እዚህ ላብቃና እጄን ልታጠብ። ሽንኩርቱን ሳወራችሁ በጨውና በሎሚ አሽቼ አስቀምጬው ነበር፤ ቲማቲሙም ውኃውን አውጥቷል። መካከለኛውን አቮካዶ አሁን እቆርጠዋለሁ። ቅርብ ያላችሁ ተመልከቱ፤ ቢላው ፍሬውን ሲነካ አቁሜ ዙሪያውን አዞርኩት፣ ሁለቱን ግማሾች አጣምሜ ለየኋቸው። ልጣጩ ሥር አረንጓዴ ነው፣ ወደ ፍሬው ሲጠጋ ቢጫ። አንዲት ጥቁር ነጥብ የለችበትም። እንጀራውን የምትቆራርስልኝ አንዲት እህት ወደዚህ ትምጣ፤ ሳህኖቹም ከኋላ ረድፍ ጀምረው ይዙሩ።